«ጠብቅ» ለመባል 140 ዶላር፦ ብርድ ለመታው ጥድ የጠራሁት ሐኪም

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ከአምስት ኮከብ አራቱን ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ለምን እንደነፈግኩት ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

የምገመግመው የዛፍ ሐኪም አገልግሎት ነው። እዚህ አሜሪካ «ሰርቲፋይድ አርበሪስት» ይባላሉ። ከዛፍ ቆራጭ ጋር እንዳታምታቷቸው። ቆራጭ መጋዙን ይዞ ይመጣል። ይሄኛው የመጣው የኪስ ቢላ፣ አጉሊ መነጽርና ባለቀለም የፕላስቲክ ሪባን ይዞ ነው። ዛፉን ይመረምራል፣ ምን እንደሚደረግለት ጽፎ ይሰጣል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ስሙን አልጠራም። ብቻውን የሚሠራ ሰው ነው፤ እንዲያውም አሁን ባለው ደንበኛ ስልክ ለማንሳት መከራውን ያያል። እሱን ባታገኙም እንዲህ ያለ ሰው በየከተማችሁ አይጠፋም። ይህን የምጽፈው ዊንተር ያቃጠለውን ጥድ እያያችሁ «ሞቷል ወይስ ይተርፋል?» ብላችሁ ለቆማችሁ ነው።

ቤታችን ኦሮራ ነው፣ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ። ስንገዛው ጓሮው ውስጥ ሦስት ትልልቅ የኦስትሪያ ጥዶች ነበሩ። በአጥሩ ሥር ደግሞ እነዚያ ሰዉ ሁሉ ለግርዶሽ የሚተክላቸው ቀጫጭን አርቦርቪቴዎች ተደርድረዋል። ጥዶቹ ከኋላ ያለውን ባለ ሁለት ፎቅ ቤት መስኮት ይጋርዱልናል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥላቸው ኩሽናው ላይ ይወድቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ባለቤቴ ቤቱን የወደደችው በእነሱ ምክንያት ነው። እኔ የወደድኩት ጋራዡን ነው።

ከዚያ ያ ዲሴምበር መጣ። ዴንቨር አካባቢ የነበራችሁ አትረሱትም። ዲሴምበር 21 ቀን 2022 ከሰዓት በኋላ ሹራብ ብቻ ለብሶ መውጣት ይቻል ነበር። አመሻሹ ላይ አየር ማረፊያው ያለው መለኪያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ42 ዲግሪ ፋራናይት ወደ 5 ወረደ። በሴልሺየስ ከ6 ገደማ ወደ 15 ከዜሮ በታች ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ከዜሮ በታች 24 ፋራናይት ሆነ፤ ይህ ከዜሮ በታች 31 ሴልሺየስ ነው። ዴንቨር ከ1990 ወዲህ እንዲህ ያለ ብርድ አላየችም ነበር። መኪናዬ አልነሳ አለች። የጎረቤት የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። ዛፉን ማን አስታወሰው?

ዛፎቹም ምንም አላሉም። ጃንዋሪን በሙሉ አረንጓዴ ነበሩ። ፌብሩዋሪም እንደዚያው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ውርጭ አያስተምሩኝም። እኛ ጋ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሌሊቱን ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ ጠዋት ባቄላው ጠቁሮ ይጠብቅሃል። ጉዳቱን ለማየት ፀሐይ እስኪሞቅ መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም። ስለዚህ ጥዶቹ ሁለት ወር ሙሉ አረንጓዴ ሆነው ሳያቸው «ተርፈዋል» ብዬ ዘጋሁት። ማርች ላይ ነው ነገሩ የወጣው። መጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ፀሐይና ነፋስ በሚያገኛቸው ጎን፣ ግራጫ መሰሉ። ከዚያ ገለባ። ኤፕሪል ሲገባ ግማሽ አካላቸው የዛገ ቆርቆሮ ቀለም ያዘ።

መጀመሪያ የደወልኩት ለአንድ ዛፍ ቆራጭ ድርጅት ነበር። የመጣው ልጅ ጓሮው በር ላይ ቆሞ ቀና ብሎ አየና «ሞተዋል» አለ። ገብቶ አልነካቸውም። ሦስቱንም ቆርጦ፣ ጉቶውን ፈጭቶ፣ ጠርጎ ለመሄድ 5,400 ዶላር። በዚህ ሳምንት ከፈረምኩ አሥር ፐርሰንት ይቀንሳል። ቀጥሎ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ያ ኤችኦኤ የሚሉት፣ ደብዳቤ ላከ። የደረቁ ዛፎችዎን በ30 ቀን ውስጥ ያስወግዱ ይላል። ቅጣቱም ከነቁጥሩ ተጽፏል።

በዚህ ላይ የባለቤቴ አጎት ለፋሲካ መጥተው ነበር። በረንዳው ላይ ቆመው አዩና፣ «ስማኝ አንተ ልጅ፣ ከወገቡ ቁረጠው። ያቆጠቁጣል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥድ ነው» አልኳቸው።

«ጥድ ቢሆንስ? ባሕር ዛፍ አላየህም? ከጉቶው አይደል እንዴ የሚነሳው?»

መልስ አልነበረኝም። እውነት ነው፣ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ይነሳል። ጥዱ እንደዚያ ይሁን አይሁን አላውቅም። እንዲህ ስንከራከር ነው ባለቤቴ በቃ የሚያውቅ ሰው ይጠራ ያለችው። ከሥራ ባልደረቦቿ አንዷ ስልኩን ሰጠቻት።

ሰውዬው የመጣው ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ነው። የጉብኝቱ ዋጋ 140 ዶላር መሆኑን በስልክ ተናግሯል። መቁረጥ አይሠራም፤ ይህንንም አስቀድሞ ተናግሯል። እኔ ከሁሉ በላይ የወደድኩት ይህን ነው። ዛፉ ቢሞት የሚያገኘው፣ ቢድን የሚያጣው ነገር የለም።

ጓሮ ሲገባ ወደ ቀላው ጎን ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ሰውዬው መሬት መሬቱን ያያል። አርቦርቪቴዎቹ ጋ ሄዶ ቁጢጥ አለ። ከመኪና መግቢያው የምዝቀውን በረዶ ዊንተሩን ሙሉ የምከምርበት ጥግ አለ። እዚያ ጥግ ላይ ያሉት ሁለቱ፣ ከታች እስከ ጉልበት ድረስ አረንጓዴ ናቸው። ከዚያ በላይ ቡናማ። ድንበሩ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። «በረዶው እስከዚህ ነበር አይደል?» አለኝ። ነበር። በረዶ ያለበሰው ቅጠል ነፋስም ፀሐይም አላገኘውም። ዓመት ሙሉ የረገምኩት በረዶ ዛፌን ሲጠብቅልኝ ነበር ለካ።

ከዚያ ወደ ጥዶቹ ሄደ። የአንዱን ቅርንጫፍ ጫፍ ወደ ታች ጎትቶ እንቡጡን በቢላ ቆረጠ። የኦስትሪያ ጥድ እንቡጥ የትንሽ ጣት ጫፍ ያህላል፤ ላዩ ነጣ ባለ ሙጫ የተለበጠ ነው። መዳፉ ላይ አስቀምጦ እንደ ነጭ ሽንኩርት ለሁለት ሰነጠቀውና አሳየኝ። ውስጡ ለምለም ነው። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ እርጥብ፣ ሙጫው ገና ይሸታል። በዙሪያው ያሉት መርፌ ቅጠሎች በሙሉ ግን ቀልተዋል። ያው ቅርንጫፍ ነው። «ቅጠሉ ሞቷል፣ እንቡጡ አለ» አለኝ። ከሌላ ጎን ሌላ ቆረጠ። እሱ ውስጡ ቡና መሰለ፤ በጣቱ ሲያሸው ፈረሰ። «ይሄ የለም።»

ከዚያ የቅርንጫፉን ልጥ በጥፍሩ ፋቅ አደረገ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለ። ደረቅና ቡናማ ከሆነ የለም። ቅርንጫፉን ጎንበስ ያደርገዋል፤ ያለው ይተጣጠፋል፣ የሞተው ቀሽ ብሎ ይሰበራል። እንዲህ እያለ ከየአቅጣጫው፣ ከታችም ከላይም፣ በመሰላል ጭምር አየ። የሞተው ላይ ብርቱካናማ ሪባን አሰረ። ያልተረጋገጠው ላይ ሰማያዊ። አረንጓዴ ሪባን የለውም፤ ለደህናው ምን ያደርጋል? ሲጨርስ አንደኛው ጥድ ላይ ብርቱካናማ እምብዛም የለም። ሁለተኛው ላይ በአንድ ወገን ብቻ አለ። ሦስተኛው፣ ለነፋሱ ፊት ለፊት የቆመው፣ በሪባን ተጥለቅልቋል።

ሁሉን ነገር እያየሁ ስለነበር ጠየቅኩት። እነዚህ ዛፎች ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ናቸው፣ ብርድ አገር ነው የሚኖሩት። ከዜሮ በታች 30 ሴልሺየስ እንዴት ገደላቸው? የሰጠኝ መልስ ብቻውን 140 ዶላሩን ያወጣል።

ጥድ ብርድን የሚችለው ተዘጋጅቶ ነው። ቀኑ ማጠር ሲጀምርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ሴሎቹ ቀስ በቀስ ይለወጣሉ። ስኳር ያጠራቅማሉ። ውሃውን ከውስጣቸው ወደ ውጭ፣ በሴልና በሴል መካከል ወዳለው ክፍተት ያስወጣሉ። በረዶ ሲሠራ እዚያ ክፍተት ውስጥ ይሠራል፤ ሴሉ ይኮማተራል እንጂ አይቀደድም። በዚህ ሁኔታ የቆመ ጥድ ያን ዕለት ካየነው የባሰ ብርድም ይችላል። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። በአንድ ሰዓት 37 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ ውሃው ለመውጣት ጊዜ አያገኝም። እዚያው ሴሉ ውስጥ ይረጋል። በረዶ ውስጥ ከተሠራ ደግሞ ያ ሴል አበቃለት።

ሁለተኛው ነገር ጥማት ነው። ይሄ እኔን አስገርሞኛል። ዊንተር ላይ ፀሐይ ወጣ ባለ ቀን መርፌ ቅጠሉ ይሞቅና ውሃ ያተናል። ሥሩ ግን በረዶ በሆነ አፈር ውስጥ ነው፤ መልሶ የሚልከው ውሃ የለውም። ስለዚህ ዛፉ በዚያ ሁሉ በረዶ መካከል ይደርቃል። የዴንቨር አካባቢ ዓመታዊ ዝናብና በረዶ ተደምሮ 14 ኢንች ገደማ ነው፤ 36 ሳንቲሜትር አካባቢ ማለት ነው። ነፋሱ ደረቅ ነው፣ ፀሐዩ ከፍታው ላይ ይጠነክራል። ዛፉ ዊንተርን ሲቀበል የጠማው ከሆነ ብርዱ ቀላል ሥራ ነው የሚጠብቀው። ደቡብ ምዕራቡ ጎን ቀድሞ የቀላውም ለዚህ ነው።

ለምን ሁለት ወር አረንጓዴ እንደቆዩም ነገረኝ። ቅጠሉ ያን ሌሊት ሞቷል። ግን ቅዝቃዜ ውስጥ ስለሆነ ቀለሙ ቶሎ አይለቅም። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ጎመን እንኳ ውጭ ካለው ይቆያል አይደል፤ ሙቀት ሲመጣ ነው የሚገለጠው።

ስለ ጋሼ ሐሳብም ጠየቅኩት። ጥድን ከወገቡ ብትቆርጠው አያቆጠቁጥም አለ። ባሕር ዛፍ ከልጡ ሥር የተኙ እንቡጦች አሉት፤ ላዩ ሲቆረጥ እነሱ ይነሳሉ። አብዛኛው ጥድ ቅጠል በሌለው አሮጌ እንጨት ላይ እንዲህ ያለ ተጠባባቂ የለውም። ያለው ተስፋ ጫፍ ጫፉ ላይ ያለችው እንቡጥ ናት። እሷን አብራችሁ ከቆረጣችሁ አበቃ። አርቦርቪቴም እንደዚሁ ነው፤ ራቁቱን የቀረ ቅርንጫፍ መልሶ አይለብስም። ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። «ፈረንጅ ምን ያውቃል» አሉና ወሬ ቀየሩ።

ጽሑፉ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ሁለት ገጽ ነው። ዋናው ቃል አንድ ነው፦ ጠብቅ። እስከ ጁን አጋማሽ ምንም አትቁረጥ። የቀላው መርፌ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ እሱን መጠበቅ ከንቱ ነው። የሚጠበቀው አዲሱ ቡቃያ ነው። ቡቃያ የወጣበት ቅርንጫፍ ይተርፋል። ጁን አልፎ ምንም ያልወጣበት፣ ልጡም የደረቀው፣ ይቆረጣል። ማዳበሪያ አትጨምር ይላል። ሥሩ በተጎዳበት ጊዜ ናይትሮጅን ሰጥተህ ቅጠል እንዲያወጣ ብታስገድደው ሊመግበው የማይችለውን ነገር ታሸክመዋለህ።

ለውሃው ደግሞ ቀመር ሰጥቶኛል። ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ለግንዱ ውፍረት (ዲያሜትር) ለእያንዳንዱ ኢንች አሥር ጋሎን። የእኔ ጥድ ግንድ 12 ኢንች ነው፤ ስለዚህ 120 ጋሎን፣ 450 ሊትር ገደማ። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅኩ። ግን የውሃ ጎማውን ቀስ አድርጌ ከፍቼ ባለ አምስት ጋሎን ባልዲ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ለካሁ፤ ሁለት ደቂቃ። እንግዲህ ለአንድ ዛፍ 48 ደቂቃ ነው። ግንዱ ሥር አይደለም የሚጠጣው። ከቅርንጫፎቹ ጫፍ በታች፣ ከዚያም ወጣ ብሎ ነው። ውሃ የሚስበው ሥር አብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎን ደግሞ ሩቅ ይሄዳል። መሬት ውስጥ የሚሰካ የውሃ መርፌ መደብር ውስጥ ይሸጣል። ከስምንት ኢንች በላይ አትስካው ብሎ ጽፏል። ከዚያ በታች ያፈሰስከው ውሃ ለማንም አይሆንም።

ከሥሩ ደግሞ ጉዝጓዝ፣ የተፈለጠ እንጨት፣ ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲሜትር ውፍረት። ግንዱን እንዳይነካ። ሰፈራችን ውስጥ ጉዝጓዙን ግንዱ ላይ ቆልለው የሚያስደግፉ ሰዎች ሞልተዋል፤ ልጡ ይበሰብሳል።

የሚረጭ ነገርም ጠይቄዋለሁ። ቅጠሉን በስስ ሽፋን ለብጦ ውሃ እንዳይተን የሚያደርግ ርጭት አለ። ሊሸጥልኝ ይችል ነበር። አልሸጠም። ከተቃጠለ በኋላ ዋጋ የለውም፣ የሚረጨውም ብርዱ ከመግባቱ በፊት ነው፣ ጥቅሙ ላይ ደግሞ ጥናቶች አይስማሙም፣ ገንዘብህን ለውሃ ቢል አውጣው አለኝ። እዚህ ጋ ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኩት።

ለኤችኦኤው ደግሞ በሰርተፊኬት ቁጥሩ የተፈረመ አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ዛፎቹ በሕይወት እንዳሉ፣ ከጁን በፊት መፍረድ እንደማይቻል፣ ለማንም አደጋ እንዳልሆኑ። ጊዜውን አራዘሙልኝ። ለዚህ ደብዳቤ ለብቻ አላስከፈለኝም። የምትጨቃጨቁት ኤችኦኤ ካለ ይህ ብቻውን ዋጋውን ይመልሳል።

ውጤቱስ? ሜይ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ጥድ ጫፍ ጫፉ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ የጣት ርዝመት ያላቸው፣ ነጣ ያሉ ቡቃያዎች አወጣ። በቀላው ቅጠል መካከል ሲታዩ ማመን ያቅታል። ባለቤቴ ፎቶ አንስታ ለቤተሰቡ ሁሉ ላከች፤ ጋሼም ደርሷቸዋል፣ መልስ የለም። እርግጥ ያን ዓመት ሜይና ጁን በዴንቨር አካባቢ የጣለው ዝናብ ሌላ ነበር። እኔ ሳጠጣ ሰማዩም ያጠጣ ነበር። ሐኪሙን ብቻ አላመሰግንም።

ሁለተኛው ጥድ በምሥራቅ በኩል ሙሉ አወጣ፤ አናቱና ደቡብ ምዕራቡ ዝም አለ። ጁን መጨረሻ ላይ የሞተው ተቆረጠለት። አሁን ትንሽ የተንጋደደ ነው። ለውበት ውድድር አይቀርብም፣ መስኮቱን ግን ይጋርዳል። የቀላው መርፌ ረግፎ ሲያልቅ ሁለቱም ሳስተው ነበር፤ ውስጣቸው ይታይ ነበር። ይህንንም ነግሮኛል። የኦስትሪያ ጥድ አንዱን ቅጠል አራት ዓመት ያህል ይዞ ይቆያል። የአንድ ሌሊት ብርድ የብዙ ዓመት ልብሱን አወለቀው ማለት ነው። በየዓመቱ የሚያወጣው አንድ ዙር ብቻ ስለሆነ እንደ ድሮው እስኪሞላ ያን ያህል ዓመት ይፈልጋል። አሁን ሲታይ መጀመሪያው ጥድ ሞልቷል ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው አልተረፈም። አርቦርቪቴዎቹም ከበረዶው ጥግ ካሉት ሁለቱ በቀር ሄዱ፤ ሁለቱም ከላይ ተቆርጠው እስከ ጉልበት ብቻ ናቸው። አስቀያሚ ናቸው። ባለቤቴ አታስነቅላቸውም።

አሁን ወደ ነፈግኩት ኮከብ። ሰውዬው ሲያይ ጎበዝ ነው፣ ቀጠሮ ላይ ግን ዜሮ። ጽሑፉን በሳምንቱ እልካለሁ ብሎ የላከው ወር ሊሞላ ሲል ነው። ኤችኦኤው በየጊዜው ሲደውል እኔ የምሰጠው ወረቀት አልነበረኝም። ሲመጣ ደግሞ ግማሹ የላቲን ስም ነው። በአፉ እንዲያ ግልጽ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው ሲጽፍ ምን እንደሚነካው አላውቅም።

የባሰው ሦስተኛው ጥድ ላይ ነው። ጁን አጋማሽ ተመልሼ አየዋለሁ አለ። የመጣው ጁላይ ገብቶ ነው። ጽሑፉ ራሱ አስጠንቅቆ ነበር፤ የተዳከመ ጥድ ጠረኑ ልጥ የሚቦረቡሩ ጥንዚዛዎችን ይጠራል፣ አይፕስ የሚባሉትን። ግንዱ ላይ ቀላ ያለ የእንጨት ዱቄት ካየህ ደውል ይላል። አየሁ። ደወልኩ። መልእክት ተውኩ። ሲመጣ ልጡን በቢላ ፈለቀቅ አድርጎ አሳየኝ፤ ከሥሩ እንጨቱ ላይ የተቦረቦሩ መስመሮች አሉ። ዛፉ ያለዚያም የሚተርፍ አይመስለኝም፤ እሱም እንደዚያ አለ። ግን ከጥንዚዛው ጋር አንድ ወር ያህል ከሁለቱ ደህና ጥዶች አጠገብ ቆሟል። ቶሎ ተቆርጦ መወሰድ ነበረበት። ለዚያ ጉብኝት ደግሞ ሌላ 90 ዶላር አስከፈለኝ። ሁለተኛው ጉብኝት ለብቻ እንደሚከፈል ማንም አልነገረኝም። የሚያስቆጣው ብሩ አይደለም። አርፍደህ መጥተህ ሂሳብ መጠየቅ ትንሽ ይከብዳል።

እንዲያም ሆኖ ሂሳቡን ስሠራ፣ 140 እና 90፣ ሦስተኛውን ለማስቆረጥ 1,700፣ የተቆረጠው የሁለተኛው አናት 350። በድምሩ 2,280 ዶላር። መጀመሪያ የተጠየቅኩት 5,400 ነበር፤ ያውም አንድም ዛፍ ሳይቀርልኝ።

አገልግሎቱ ለሁሉም ሰው ነው አልልም። ዛፉ ቤት ላይ ያጋደለ ከሆነ፣ ወይም ግንዱ ከተሰነጠቀ፣ ቡቃያ እየጠበቃችሁ አትቀመጡ። ያላችሁ አንዲት ትንሽ አርቦርቪቴ ከሆነችም 140 ዶላር አታውጡ፤ አዲስ መግዛት ይሻላል። ለነጻ ምክር በየካውንቲው ያለው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ቢሮ አለ፤ ፎቶ ልካችሁ መጠየቅ ይቻላል። ኦሮራ ሦስት ካውንቲ ላይ ስለተዘረጋች የናንተን ቤት የትኛው እንደሚያየው አረጋግጡ። ዳላስ ያላችሁ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2021 ያያችሁትን ታስታውሳላችሁ፤ ዓመት ሙሉ ቅጠሉን የማይለቀው ላይቭ ኦክ ቡናማ ሆኖ ረገፈ፣ ብዙው ግን በዚያው ስፕሪንግ መልሶ ለበሰ። እዚያም የቸኮለ ሰው ደህና ዛፍ አስቆርጧል።

ሐኪም ስትመርጡ የዓለም አቀፉ የአርቦሪካልቸር ማኅበር ድረ ገጽ ላይ በዚፕ ኮድ ፈልጉ። የሰርተፊኬት ቁጥሩን ጠይቁ፤ ደህና ሰው አይቆጣም። መቁረጥም ራሱ ይሠራ እንደሆን ጠይቁ። ከሠራ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ግን ሲፈርድ ያንን አስታውሱ። የሁለተኛው ጉብኝት ዋጋና ጽሑፉ የሚደርስበት ቀን በኢሜይል ይጻፍላችሁ።

እኔ አሁንም ከእሱ ጋር ነኝ። ከኦክቶበር እስከ ማርች፣ በረዶ በሌለበትና ሙቀቱ ከ40 ፋራናይት በላይ በሆነ ቀን፣ በወር አንድ ሁለቴ እኩለ ቀን ላይ ጎማዬን ጎትቼ አጠጣለሁ። ጎረቤቴ በጃንዋሪ ዛፍ የሚያጠጣ ሐበሻ አይቶ ጉድ ብሏል። ጎማውን ስትጨርሱ ከቧንቧው ፍቱት፤ ካለዚያ ሌሊት ቧንቧው ይፈነዳል። ቀጠሮ የምትፈልጉ ደግሞ ፌብሩዋሪ ላይ ደውሉ። ማርች ሲገባ የሁሉም ጥድ አንድ ላይ ይቀላና ሰውዬውን በስልክ ማግኘት ዘበት ነው።